አገጬ ወደ ግራ እየሄደ ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 19 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ አገጬ ወደ ግራ እየሄደ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፎቶዬ ላይ ቀጥ ያለ ነበር። እናቴ «በአንድ በኩል ስለምታኝኪ ነው» ትለኛለች። የጥርስ ሽቦ ላሳስር ስሄድ ባለ ሦስት አውታር ራጅ ታዘዘልኝ። ተራውን ተነስቻለሁ እኮ! ይሄኛው ደግሞ ውድ ነው። የግድ ነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ከደብዳቤሽ ያሳሰበኝ «እየሄደ» ያልሽው ነው። ትንሽ ጠመም ያለ ፊት ሞልቷል፤ የእኔም ግራ ጉንጭ ከቀኙ ይበልጣል፣ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። በ17 ዓመት ጀምሮ የሚጠም አገጭ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እናትሽ አይቀየሙኝና፣ ማኘክ ብቻውን እንዲህ አያደርግም።

የታች መንጋጋ ጆሮ ሥር ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት የአጥንት ጉብታዎች ከራስ ቅል ጋር ይገጥማል። አንዳንድ ሰው ላይ አንዱ ጉብታ ሌላው ካቆመ በኋላም ያድጋል። የቀኙ ሲረዝም አገጩን ወደ ግራ ይገፋዋል። ያንቺ ይሄ ሊሆን ይችላል። ወይም ጥርስሽ አልገጥም ብሎ መንጋጋሽ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይሆናል።

የጎን ራጅ ግራና ቀኙን ደራርቦ ነው የሚያሳየው። ከፊት የሚነሳውም ራስሽን ትንሽ ካዞርሽ ቀጥ ያለውን ጠማማ ያደርገዋል። የታዘዘልሽ ባለ ሦስት አውታር ራጅ (ኮን ቢም ሲቲ) ግን ሁለቱን ጉብታዎች ለየብቻ በሚሊ ሜትር ያስለካናል። ኮምፒውተሩ ላይ ደህናውን ጎን እንደ መስታወት ገልብጠን በሌላው ላይ ስንደርበው ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ጨረሩ ከተራው የጥርስ ራጅ ስለሚበልጥ ሽቦ ለሚያሳስር ሁሉ አላዘውም። ላንቺ ግን አዝ ነበር።

አንድ ምስል ብቻውን ግን እድገቱ መቆሙን አይናገርም። ለዚያ ከወራት በኋላ ደግሞ መለካት፣ አንዳንዴም የአጥንት ስካን ያስፈልጋል። አጥንቱ እያደገ ሽቦ ቢታሰር ዛሬ የገጠመው ጥርስ ነገ ይላቀቃል። ደግሞም ሽቦ ጥርስን እንጂ መንጋጋን አያዞርም። ጥመቱ ከአጥንቱ ከሆነና ከበዛ፣ ከሽቦው ጋር ቀዶ ሕክምና ይኖራል፤ አጥንቱ የት እንደሚቆረጥም በዚያው ምስል ላይ ይታቀዳል።

እስከዚያው መስታወት ፊት ቆመሽ የታጠበ እርሳስ በመንጋጋ ጥርሶችሽ አግድም ንከሺ። ከዓይኖችሽ መስመር ጋር ትይዩ ካልሆነ ፎቶ አንሺውና ለሐኪምሽ አሳዪ። የስምንተኛ ክፍሉን ፎቶም ይዘሽ ሂጂ።