የጌም ዴቭሎግ አሠራር፦ ጥያቄና መልስ

የራሳችሁን ጌም እየሠራችሁ ሂደቱን በቪዲዮ (በዴቭሎግ) ለማሳየት ለምታስቡ ሁሉ መድረኩ ክፍት ነው። ስለ ቀረጻ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ስክሪፕት፣ ስለ ኤዲቲንግ ያስቸገራችሁን ጠይቁ። ስትጠይቁ በምን ኢንጂን (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) እንደምትሠሩና በምን እንደምትቀርጹ ብትጠቅሱ መልሱ ቀጥተኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ገበጣን ጎዶት በሚባለው ኢንጂን እየሠራሁ ነው። ሦስት ቪዲዮ ለቀቅኩ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሰው ጥሎ ይወጣል። ጌሙ ሩጫም ተኩስም የለውም። ምን ላሳይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የገበጣው አይደለም። «በዚህ ሳምንት ሜኑ ሠራሁ፣ ድምፅ አስገባሁ፣ ሁለት ባግ (የኮድ ስህተት) አስተካከልኩ» የሚል ቪዲዮ የሥራ ሪፖርት ነው። ሪፖርት የሚጠብቀው አለቃ ነው፤ ተመልካች የሚጠብቀው ችግሩ ይፈታ ይሆን የሚለውን ነው። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ አንድ ችግር ብቻ ይያዝ።

ጠጠሮቹን ለምሳሌ ውሰድ። ኮዱ ቁጥር ብቻ የሚቀይር ከሆነ አራቱ ጠጠሮች በአንድ ፍሬም (በአንድ የስክሪን ምስል) አራት ጉድጓድ ውስጥ ይገኛሉ፤ ተጫዋቹ ምን ከየት እንደሄደ አያይም። ይህን 4 ሴኮንድ አሳይ። ቀጥለህ በየጠጠሩ መሀል 0.12 ሴኮንድ ቆይታ የጨመርክበትን አሳይ። ከዚያ ድምፁን አምጣ፦ ሁሉም ጠጠር አንድ ዓይነት ድምፅ ካሰማ የማሽን ጩኸት ይሆናል፤ ፒቹን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) በ0.95 እና በ1.05 መካከል በዘፈቀደ ስትቀያይረው ግን እንጨት ላይ የሚወርድ እውነተኛ ጠጠር ይመስላል። ሦስቱን ቅጂ ያለ ምንም ንግግር አከታትለህ አጫውት። ተመልካቹ በራሱ ዓይንና ጆሮ ያወዳድር፤ እያወዳደረ ያለ ሰው አይወጣም።

ባግም እንደዚሁ ነው። 12 ጉድጓድ በአራት አራት ጠጠር 48 ነው። የተነሳበትን ጉድጓድ ባዶ ማድረግ ከተረሳ አራት ጠጠር በተዘራ ቁጥር ድምሩ በ4 ያድጋል። ጥግ ላይ የጠቅላላ ጠጠሩን ቁጥር በትልቁ አስቀምጥ። 48 የነበረው 52 ሲሆን ቶሎ አታብራራ፤ 3 ሴኮንድ ዝም በል። ሰው ራሱ ሲደርስበት ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ መቅረጽ ትዝ የሚለኝ ባጉን ካስተካከልኩ በኋላ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አብዛኛው ዴቭሎግ የሚደርቀው እዚህ ላይ ነው። የተበላሸው ነገር ከተስተካከለ በኋላ እሱን መልሶ ማሳየት ከባድ ነው፤ ሰውም የተዘጋጀ ትወና ወዲያው ይለያል። ሁለት ነገር አድርግ።

ኦቢኤስ በሚባለው የስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም ውስጥ ሪፕሌይ በፈርን ክፈትና 60 ሴኮንድ ላይ አስተካክለው። ያለፈውን አንድ ደቂቃ ሁልጊዜ ሜሞሪ ላይ ይይዛል፤ ጉድ ሲታይህ የመረጥከውን ቁልፍ ስትጫን ብቻ ፋይል ይሆናል። ዲስክህ አይሞላም፣ ሥራህም አይቋረጥም። ጌሙን ለሙከራ ስታስነሳ በፈሩንም ማስነሳት ልማድ ይሁንህ። ፋይሉን ወዲያው «ጠጠር 52 ሆነ» ብለህ ሰይመው፤ ከወር በኋላ በቀን ብቻ የተሰየሙ ሁለት መቶ ክሊፖች መሀል ምንም አታገኝም።

ሁለተኛው ጊት ነው፤ የኮድህን ለውጥ በየደረጃው መዝግቦ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም። እያንዳንዱን ደረጃ ኮሚት ካደረግክ (ከመዘገብክ) በጊት ዎርክትሪ የድሮውን ሁኔታ በሌላ ፎልደር ከፍተህ መቅረጽ ትችላለህ፤ የአሁኑ ሥራ አይነካም። ሥዕሎቹና ድምፆቹም ጊት ውስጥ መኖር አለባቸው። የድሮውን ፕሮጀክት በአዲስ የኢንጂን ስሪት ከከፈትከው ደግሞ ፋይሎቹን ስለሚለዋውጣቸው በዚያን ጊዜ የተጠቀምክበትን ስሪት አትሰርዝ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ የቀረጽኩት ፋይል አይከፈትም። ለምን?

መልስ፦ በኤምፒፎር ስለምትቀርጪ ነው፣ እህቴ። የተለመደው ኤምፒፎር ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው በሥርዓት ሲዘጋ ነው፤ በመሀል ከተቋረጠ ፋይሉ ማውጫ አልባ ይቀራል። የኦቢኤስን ቀረጻ ወደ ኤምኬቪ ቀይሪው፤ መብራት ቢሄድም እስከዚያች ሴኮንድ ያለው ይተርፋል። ለኤዲት ኤምፒፎር ካስፈለገሽ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ሪሙክስ የሚለው አለ፤ ጥራቱን ሳይነካ በጥቂት ሴኮንድ ይቀይረዋል።

ጥያቄ፦ ፒክስል አርቴ (ከትናንሽ ካሬዎች የተሠራው ሥዕሌ) ጌሙ ላይ ጥርት ብሎ ዩቲዩብ ላይ ይደበዝዛል።

መልስ፦ መጀመሪያ ማጉያው ሙሉ ቁጥር መሆኑን አረጋግጥ። 320 በ180 የሆነ ጌም በ6 ሲባዛ ልክ 1920 በ1080 ይሆናል፤ በ8 ሲባዛ 2560 በ1440። በ5 ተኩል ከጎላ አንዳንዱ ፒክስል ከሌላው ይሰፋል። ኦቢኤስ ላይ ምንጩን በቀኝ ተጭነህ ስኬል ፊልተሪንግን ፖይንት አድርገው፤ ሌሎቹ ጠርዙን ያለሰልሳሉ። በመጨረሻ ኤክስፖርቱን 1440 አድርገህ ጫን፤ ዩቲዩብ ለዚህ መጠን የሚሰጠው ቢትሬት (በሴኮንድ የሚያልፈው የዳታ መጠን) ከፍ ስለሚል 1080 ላይ ሆኖ የሚያየውም ሰው ቢሆን ጥራቱን ከፍ አድርጎ ማየት ይችላል።

ጥያቄ፦ ማይክ የለኝም፤ በስልክ ልቅረጽ?

መልስ፦ ይቻላል። ስልኩን ከአፍህ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፤ ትንፋሽህ እንዳይመታው ከአፍህ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን። ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ያስተጋባል፤ ከፊትህና ከኋላህ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀል። ፍሪጅ አጥፋ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ማቆም እንጂ በኋላ በሶፍትዌር አጠራዋለሁ ማለት አያዋጣም፤ ዝናቡ ሲወጣ ድምፅህን ይዞ ይወጣል።

ኤዲት ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥ፣ ከፍተኛው ጫፍ ከ−3 ዲቢ አይለፍ፣ አጠቃላይ ድምፀቱ −14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) አካባቢ ይሁን። ሙዚቃው ከንግግሩ በ18 ወይም በ20 ዲቢ ይነስ። ለራስህ ያነሰ ቢመስልህም ተወው፤ ስክሪፕቱን በቃልህ ስለምታውቀው ነው ሙዚቃው የማይጋርድብህ።

ጥያቄ፦ ፊቴንም በስልክ እቀርጻለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ድምፅ እየቆየ ከከንፈሬ ይለያያል።

መልስ፦ ስልክ የፍሬም ፍጥነቱን እንደ ብርሃኑ ይለዋውጣል። ወደ ኤዲተር ከማስገባትሽ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም «ኮንስታንት ፍሬምሬት» (የማይለዋወጥ የፍሬም ፍጥነት) መርጠሽ 30 ላይ ቀይሪው። ቀረጻ ስትጀምሪ አንዴ ማጨብጨብም አትርሺ፤ ለማገናኘት ይረዳል።

ጥያቄ፦ ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል? መግቢያዬ ይረዝምብኛል።

መልስ፦ ገጹን ለሁለት ክፈለው፦ በግራ የሚነገረው፣ በቀኝ የሚታየው። በቀኝ በኩል የሚጻፍ ነገር ያጣህለትን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰረዘው «ጤና ይስጥልኝ ውድ የቻናሌ ተከታታዮች፣ እንዴት ሰነበታችሁ» የሚለው ነው። ሰላምታ የአገራችን ወግ ነው፣ አይጠላም፤ ግን 52 የሚለው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ከታየ በኋላ ይምጣ። ኮድ ስታሳይም ሙሉ ገጽ አትክፈት። የተቀየረችውን አንድ መስመር አጉላ፤ በስልክ የሚያይ ሰው ማንበብ ካልቻለ ኮዱ ጌጥ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ?

መልስ፦ ጌሙን የሚጫወተው ማን ነው? እዚህ ያለው ወጣት ከሆነ በአማርኛ፤ ገዢው ስቲም (የጌም መሸጫ መድረክ) ላይ ከሆነ በእንግሊዝኛ። ለሁለቱም ከፈለጉ በአማርኛ ተናግረው የእንግሊዝኛ የጽሑፍ ትርጉም ቢጭኑ በአንድ ቪዲዮ ሁለት ቋንቋ ከማደባለቅ ይሻላል። በስክሪኑ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ፎንቱ ፊደላችን የለውም ማለት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይጫኑ። ጌሙ ራሱ በብሮውዘር የሚከፈት ከሆነ ፎንቱን ፕሮጀክቱ ውስጥ ያስገቡት፤ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ መታየቱ ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

ጥያቄ፦ ዳታ ይጨርስብኛል። የ8 ደቂቃ ቪዲዮ ስንት መሆን አለበት?

መልስ፦ ሒሳቡ ቀላል ነው። 12 ሜጋቢት በሴኮንድ ማለት 1.5 ሜጋባይት ነው፤ በ480 ሴኮንድ ሲባዛ 720 ሜጋባይት። እንደ ገበጣ ብዙ የማይንቀሳቀስ ጌም 6 ሜጋቢት ላይም ያምራል፤ ግማሹ፣ 360 ይሆናል። ጭስ፣ ዝናብና ሣር የበዛበት ግን እዚያ ላይ ይሰባበራል። ለመጫን ከመነሳትህ በፊት ሙሉውን በስልክህ እይ፤ አንድ ስህተት ለማረም ዳግም መጫን ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ የድሮ የክራር ቅጂ ከበስተጀርባ ባስገባ? ዜማው የሕዝብ ነው።

መልስ፦ ዜማው የሕዝብ ሊሆን ይችላል፤ ቅጂው ግን የቀረጸው አካል ነው፤ በኮንቴንት አይዲ (በዩቲዩብ የቅጂ መብት መለያ ሥርዓት) ሊያዝብህ ይችላል። ክራር የሚችል ጓደኛ ካለህ በስምምነት አስጫውተህ ራስህ ቅረጽ። ያ ካልሆነ የዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ አለ።

ጥያቄ፦ የስቲም ገጼን መቼ ልክፈት?

መልስ፦ ጌሙ በግልጽ የሚለይ መልክ ሲይዝ፣ ከሚቀጥለው ቪዲዮሽ በፊት። ክፍያው ለአንድ ጌም 100 ዶላር ነው፤ ገጹም ከሽያጩ በፊት «በቅርቡ» በሚል ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። ሁለት ሳምንት ግን ዝቅተኛው ነው፤ ወራት ይሻላል፣ ምክንያቱም ቪዲዮሽን ወዶ ሊንክ ያጣ ሰው ተመልሶ አይፈልግሽም። ሊንኩን በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ አድርጊው፤ በንግግር የምታነሺው ደግሞ ችግሩ በተፈታበት ቅጽበት፣ ጠጠሩ ልክ 48 ሆኖ ሲመለስ።