ክዳኑ 95 ይላል፣ ማደያው «ቤንዚን» ብቻ ይላል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። «ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ቱርቦ ያለው የቤንዚን ፒክአፕ ገዛሁ፣ የሰልባትዮው ክዳን ላይ 95 ይላል፣ ማደያው ግን ቁጥር አይናገርም። ኦክቴን መጨመሪያ ልግዛ ወይስ ሸጬው ሃይብሪድ ልያዝ?» ነው ያልከው። ከስር የመለሱልህንም አነበብኩ። ግማሹ «አትስጋ፣ ደጋ ላይ ኦክቴን አያስፈልግም» ይላል። ግማሹ ደግሞ ሞተርህን ከወዲሁ ቀብሮታል። እኔ እንዳንተው እዚሁ ነኝ። ቱርቦ ፒክአፕ ይዤ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ ወደ ላይ እወጣለሁ። አንተም ሥራህ ይሄው ይመስለኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

በቅድሚያ የናፍጣ ፒክአፕ ያላችሁ እዚህ አትጨነቁ። ኦክቴን ማለት ቤንዚን ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለው የመቋቋም አቅም ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለው 95ም እሱ ነው። የእናንተ ሴቴን ይባላል፣ ሌላ ነገር ነው።

1. ክዳኑ ላይ ያለው ቁጥር በማን አቆጣጠር እንደሆነ እወቅ። ቻይና፣ ዱባይና አውሮፓ ሮን በሚባለው ይቆጥራሉ። አሜሪካ ሮንና ሞን የሚባሉትን ሁለት ልኬቶች ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። ስለዚህ የአሜሪካ 87 በዱባዩ አቆጣጠር 91 ወይም 92 አካባቢ ነው። የአሜሪካው 91 ደግሞ 95 ገደማ ይሆናል። ይሄን ያላወቀ ሰው «የኔ ፎርድ 87 ይበቃዋል፣ የቻይናው 92 ይላል፣ ቅብጥብጥ ነው» እያለ ይፎክርብሃል። ሁለቱም የጠየቁት ያው አንድ ነዳጅ ነው።

ከዚያ የመኪናውን መጽሐፍ ክፈት። «ቢያንስ 95» ነው የሚለው ወይስ «95 ይመረጣል»? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለምሳሌ ፎርድ ለኢኮቡስት ቱርቦዎቹ 87 ይበቃል ይላል፤ ግን ከባድ ነገር ስትጎትትና ሙቀት ሲበረታ ከፍ ያለውን ብትቀዳ ይሻላል ይልሃል። «ይመረጣል» ከሆነ ዝቅ ባለ ነዳጅ መሄድ ትችላለህ፤ ኮምፒውተሩ ካንዴላው እሳት የሚረጭበትን ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትትና (ያዘገይና) ሞተሩን ያድናል። የምትከፍለው በጉልበትና በፍጆታ ነው። «ቢያንስ» ካለ ግን ከዚያ በታች መቅዳት አይመከርም፤ ሌላ ካጣህ ጭነትህን መቀነስ አለብህ።

2. የደጋውን ወሬ ተወው። ወሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ሙሉ በሙሉም ውሸት አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ይቀንሳል፤ ለማንኳኳትም (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን ለመምታት) አይቸኩልም። አሜሪካኖችም በሮኪ ተራሮች አካባቢ 85 የሚሸጡት በዚሁ ስሌት ነው። ቱርቦ ግን ሥራው ያንን የጎደለ አየር መልሶ መሙላት ነው። ከፍታው የሰጠህን ቅናሽ ቱርቦው ይወስድብሃል።

ደግሞ መኪናህ ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ አይውልም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ሙቀቷን ታውቀዋለህ። እዚያ ጭነህ በደብረ ሲና አድርገህ ታርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ሙቅ አየር፣ ከባድ ጭነት፣ ጠመዝማዛ ዳገት፣ ፊት ለፊትህ የሚያዘግም ከባድ መኪና። ለቱርቦ ሞተር ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። አዲስ አበባ ቦሌ ላይ የሚነዳ ሰው «የኔ ምንም አይልም» ቢልህ እውነቱን ነው፤ ግን የሱ መልስ ላንተ አይሆንም።

ማንኳኳቱን የምታውቀው በድምፁ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ምጣድ ላይ ሽምብራ ሲፈነዳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከኮፈኑ ስር ይመጣል። ስትለቀው ይጠፋል። ሞተሩ ሜዳ ላይም የሚንተፋተፍና የሚጠፋ ከሆነ ግን ኦክቴን ሳይሆን ቤንዚኑ ውስጥ የገባ ውሃ ነው የምትጠረጥረው።

3. ይሄን ድምፅ ከሰማህ ማንም «ቤንዚኑ ነው» ብሎ እንዳያሰናብትህ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

መኪናዬ ዋስትና ላይ እያለ አዲስ አበባ አስመጪው ጋ ሰርቪስ አስገባሁት። ስም አልጠራም። ዘይት ተቀየረ፣ ካንዴላ ተቀየረ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት ጭኜ ደብረ ሲናን እንዳለፍኩ ያ ድምፅ ጀመረ። ክሩስኮቱ ላይ የሞተሩ መብራት በራ። ጭነቱን አራግፌ እንደገና ወደ አዲስ አበባ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ኮፈን እንኳን አልከፈተም። «ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። ከደብረ ብርሃን አልኩት። «እንግዲህ የክፍለ ሀገር ቤንዚን ነው፤ በሃይላንድ እየቀዳችሁ ትመጡና እኛን ታስቸግራላችሁ።» እንግዲህ ልብ በል፣ እኔ ሰልፍ ቆሜ ከማደያ እንጂ ከመንገድ ዳር ቀድቼ አላውቅም። ነዳጅ በስልክ መከፈል ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን የቴሌብር መልእክት አንዱንም አላጠፋሁም። አውጥቼ አሳየሁት። ቀኑ አለ፣ ብሩ አለ። «ይሄ ጥራት አያሳይም» ብሎ ስልኬን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ።

ኃላፊውን አስጠራሁ። እሱ ደግሞ በጨዋ ቃል ያንኑ ደገመው። «ዋስትና ነዳጅን አይሸፍንም፤ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተፈቶ ይታያል፣ ወጪው ያንተ ነው፤ እስከዚያ ይሄን ኦክቴን መጨመሪያ በየሙላቱ ጨምር» አለና ጠርሙሱን ከመደርደሪያ አወረደ። እነሱው ናቸው የሚሸጡት። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ የኛ ቤንዚን ያልተከሰሰበት ብልሽት የለም። አልገዛሁም። ቴስታም አላስፈታሁም። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከመቼ ወዲህ ነው?» ከሰርቪስ ወዲህ አልኳቸው። «ታዲያ ሰርቪስ የገባው መኪናው ነው ቤንዚኑ?» ብለው ሳቁና ካንዴላዎቹን ፈቱ። ነጩ ሸክላ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት። ይሄ የማንኳኳት ምልክት ነው። ቀጥለው የካንዴላውን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ። መጽሐፉ የሙቀት ደረጃ 8 ይላል። የተገጠመው 6 ነው። ኤንጂኬ የሚባለው ድርጅት በሚሠራው ካንዴላ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ካንዴላው ሙቀት ይዞ ይቆያል። የጋለው ጫፍ ነዳጁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥለዋል፣ ቱርቦ ላይ ደግሞ ይብሳል። (ቦሽ ከሆነ የቁጥሩ ነገር ተገላቢጦሽ ነው፣ ስትገዛ እንዳትደናገር።) ትክክለኛውን አስገቡ። በዚያው ማደያ፣ በዚያው ቤንዚን፣ በዚያው ዳገት ጭኜ ወጣሁ። ድምፁ የለም።

አሮጌዎቹን ካንዴላዎችና የራሳቸውን ደረሰኝ ይዤ ተመለስኩ። መጀመሪያ «እኛ አልገጠምነውም» አሉ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ቁጥር ተጽፏል፤ በጣቴ አሳየኋቸው። ያ ልጅ ቀና ብሎም አላየኝ። የካንዴላውን ዋጋ መለሱልኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከማንም አልወጣም። የመመላለሻዬንና የወደቀ ሥራዬን ነገር ያነሳም የለም።

ስለዚህ ቁጥር 3 ብዬ የጀመርኩት ምክር ይሄው ነው፦ ካንዴላ አስፈትተህ እይ፣ ቁጥሩን አስተያይ፣ ደረሰኝ አትጣል። በስልክ የሚነበብ ትንሽ ኦቢዲ (ከመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ ዕቃ) ካገኘህም ዳገት ላይ እሳቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚጎተት ራስህ ታየዋለህ። ያኔ ማንም አያስፈራራህም።

መጨመሪያውንስ? ጠርሙሱ ላይ «3 ነጥብ ይጨምራል» የሚለውን አይተህ ከ92 ወደ 95 እንዳይመስልህ። ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ የሚሉት 0.1 ስለሆነ ከ92 ወደ 92.3 ማለት ነው። ማንጋኒዝ ያለባቸው ደግሞ ካንዴላው ላይ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተዋሉ። ገንዘቡን ጥሩ ዘይት ላይ አውለው። ነዳጁን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ለሚረጩ ቱርቦዎች ኤፒአይ ኤስፒ የሚል ዘይት ፈልግ። በዝቅተኛ ዙር ያለ ጊዜው የሚነሳውን፣ አንድ ጊዜ ዷ አድርጎ ፒስተን የሚሰብረውን ቃጠሎ ታሳቢ ተደርጎ የወጣ ደረጃ ነው።

የሃይላንዱን ቤንዚን ግን እነሱ ስለሰደቡን ብዬ አልከላከልለትም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ኦክቴኑ ክፉኛ ይወርዳል፣ ውሃም አያጣም። ሸዋ ሮቢት ላይ ጭነህ ነዳጅ ጠፋ ብለህ ከመንገድ ዳር ቀድተህ ታርማ በርን ከምትወጣ እዚያው እደር። ስትወርድ ከደብረ ብርሃን ሞልተህ ውረድ፤ ስትመለስም እንዲበቃህ። ቦቴ እየገለበጠ ያለበት ማደያም አትቅዳ፣ የታንከሩ ዝቃጭ ተነስቶ ነው የሚጠብቅህ።

አነዳድህንም አስተካክል። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ፣ በትንሽ ዙር፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ መርገጥ ቱርቦን ይገድላል። ማርሽ ቀንስና ከ2,500 ዙር በላይ አቆየው። አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ ወደሚቀየረው አስገባው። ይጮኻል፣ ግን አይመታም። የመንዝን አቧራ ከነዳህበት የአየር ማጣሪያውንና ፊት ያለውን ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) አስጸዳ፤ የተደፈነ ኢንተርኩለር ሙቅ አየር ነው የሚያስገባው።

ወደ ሃይብሪዱ ስመጣ፣ ለኦክቴን ብለህ አትሽጥ። ቱርቦ የሌላቸው ሃይብሪዶች፣ ለምሳሌ ፎርድ ማቬሪክ፣ አትኪንሰን በሚባለው፣ አየሩን ብዙ በማያምቀው አሠራር ስለሚሄዱ የአሜሪካው 87 ይበቃቸዋል። የቶዮታ ቱንድራ ሃይብሪድ ግን ራሱ ሁለት ቱርቦ አለው፤ እሱም 87 ነው የሚለው። ከተማ ውስጥ ሞተሩ የሚያርፍበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ደስ ይላል። ታርማ በር ላይ ግን ዳገቱ ረጅም ነው። ባትሪው መንገድ ላይ ያልቅና የቀረውን ሞተሩ ብቻውን ይሸከማል፣ ያኔ አንተና እኔ አንድ ነን። ቁልቁለቱ ላይ ባትሪህ ይሞላልሃል፣ እሱን አልክድም።

አሁን የክዳኑንና የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ካንዴላ ካስፈታህም እሱን ጨምር። ጋሼ ጋ መሄድ ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አቅጣጫውን እነግርሃለሁ። ጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት ሰው ይበዛባቸዋል።