ከዛጎሉ ወደ ሱቁ አትመለሺ

ደብዳቤውን የላከችልኝ አዳማ ላይ ጂኦሎጂ የምታጠና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለፊልድ ዓባይ በረሃ ወርደው ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ዛጎል አይታ ልቧ እዚያው ቀርቷል። ቅሪተ አካል ማጥናት ትፈልጋለች። አባቷ ግን «ድንጋይ እንጀራ አይሆንም፤ አካውንቲንግ ቀይሪና የመለዋወጫ ሱቁን ያዢ» ብለዋታል። የመውጫ ፈተናው አስፈርቷታል። ዛጎሉን ይዛ መምጣት ትችል እንደነበርም ጠይቃለች።

እህቴ፣ ዲፓርትመንት አትቀይሪ። አባትሽ እዚህ ያደረሱሽ ሰው ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ግን የቸገራቸው ሱቅ የሚይዝላቸው ሰው ነው። ለሱቅ ሰው ይቀጠራል። ሦስት ዓመት የተለፋበትን ትምህርት ጥሎ ከዜሮ መጀመር ለቤተሰቡም ኪሳራ ነው። ነጋዴ ናቸውና ይህን ማስላት አያቅታቸውም።

«እንጀራ አይሆንም» ያሉትን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር በደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል ገብቶ እስከ ትግራይ ዘልቆ ነበር። ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ዛጎሉና ኮራሉ ከኖራ ጭቃው ጋር ታች እየተነባበረ ድንጋይ ሆነ። በትግራይዋ ሕንጣሎ ስም «አንታሎ» የምንለው ይኸው ነው። ያ ባሕር የተወው ድንጋይ ዓባይ ሸለቆም፣ ሶፍ ዑመር ዋሻም፣ ድሬዳዋ ዙሪያም አለ። የሙገርና የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈጩትም እሱኑ ነው። የአባትሽ ሱቅ በብሎኬት ከተሠራ ሲሚንቶ አለበት።

እኔ ተመርቄ የገባሁት ሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ በሚያወጣበት ካባ ላይ ነው። ካባው ፊት ስትቆሚ ንብርብሩ ሁሉ አንድ ይመስልሻል። አንዱ ግን ለሲሚንቶ የሚሆን ንጹሕ ኖራ ነው፤ ከጎኑ ያለው ማግኒዥየም የበዛበት ዶሎማይት ሊሆን ይችላል። ማግኒዥየም የበዛበት ሲሚንቶ ከጠነከረ በኋላ ያብጥና ይሰነጠቃል። ታዲያ ጥሩው ንብርብር በየት በኩል እንደሚቀጥል በምን ይለያል? በዛጎል የታጨቀች አንዲት ስስ ንብርብር ምልክት ትሆንሻለች። እዚህ ያየሻትን ማዶ ካገኘሻት፣ ከሷ በላይና በታች ያለውን መገመት ትችያለሽ። ድማሚቱ የት ይቀበር ሲባል መልስ አለሽ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ደሞዝ ይከፈላል።

ቅሪተ አካል ብቻ የሚያጠና ቋሚ ቅጥር ግን እኛ አገር ጥቂት ነው። ያለውም ዩኒቨርሲቲና ቅርስ ጥበቃ አካባቢ ነው፣ ማስተርስም ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካባ ግቢ፤ የራስሽ ገቢ ይኑርሽ። ማስተርሱ አያመልጥሽም። እነ ካሉብ የተባሉት የጋዝ ቦታዎች ያሉበት የኦጋዴን ተፋሰስ ውስጥም የዚያው ባሕር ድንጋይ አለ። የጉድጓድ ንብርብር ዕድሜ የሚለየው ደግሞ በአብዛኛው በደቃቅ ቅሪተ አካል ነው። ያኔ ዕውቀትሽ ይፈለጋል።

አዳማ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ዛጎል አትፈልጊበት። ኢንተርንሺፕሽን ድሬዳዋ አድርጊው፣ መስመሩ የባቡር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽንም እዚያው ሥሪ። አንድ የካባ ፊት ምረጪና ከታች እስከ ላይ ንብርብሩን በሜትር ለኪ። በየንብርብሩ ምን ዛጎል እንዳለ መዝግቢ። ከየንብርብሩ ናሙና ወስደሽ የፋብሪካው ላብራቶሪ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እንዲለካልሽ ጠይቂ። የምትወጂውንም፣ ቀጣሪ የሚፈልገውንም በአንድ ጽሑፍ ታሳያለሽ።

ለመውጫ ፈተናው ኖትሽን ከአሁኑ ሰብስቢ፣ ስትራቲግራፊን፣ የድንጋይ ንብርብር ጥናቱን፣ አትዝለዪ።

ዛጎሉን ትተሽው መምጣትሽ ልክ ነው። ቅሪተ አካል በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይወሰድም። እስክሪብቶ አጠገቡ አድርገሽ ያነሳሽውን ፎቶ ግን ደጋግሜ አየሁት። የጥፍር ያህል ናት፣ ጀርባዋ መስመር መስመር፣ ግራና ቀኟ እኩል። ብራኪዮፖድ የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ዛጎል ትመስለኛለች። ለመምህርሽ አሳዪያቸው።

የኢንተርንሺፕ ደብዳቤውን ዲፓርትመንቱ በዚህ ሳምንት ይጻፍልሽ። ክረምቱ ሲቃረብ ተማሪ ይበዛል፣ ፋብሪካዎቹም ቀድሞ የመጣውን ነው የሚይዙት።