ስለ አዞላ ለጠየቃችሁኝ

ለዶሮዎቼ አዞላ ማብቀል ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፈው ስለዚህ ደቃቅ ፈርን (አበባ የማያወጣ የተክል ዓይነት) የተጠራቀሙትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥ፦ ጋሼ፣ እንዴት ልጀምር?

መ፦ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ጠለል ያለ ጉድጓድ ቆፍረሽ ላስቲክ አንጥፊበት። ከ10 እስከ 15 ኪሎ የተነፋ አፈር፣ 2 ኪሎ ያህል በውሃ የተበጠበጠ እበት፣ 10 ሳንቲሜትር ውሃ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ይደርልሽ። ዘሩ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይሁን። ዘር አልኩ እንጂ ፈርን ዘር የለውም፤ ከሌላ ሰው ገንዳ የተዘገነ ሕያው አዞላ ማለቴ ነው። ቦታ ካጠረሽ ሳፋም ይሆናል፤ እኔም የጀመርኩት በሳፋ ነው።

ጥ፦ የኔ ቀልቶ በርበሬ መሰለ። ሞተ?

መ፦ አልሞተም። ጠራራ ፀሐይ፣ ብርድ ወይም የፎስፈረስ እጥረት ያቀላዋል። አንዷን በጣትህ አንሥተህ ሥሯን እይ። ቅጠሏ አንሶ ሥሯ ከረዘመና ከተጠቀለለ ርቧታል፤ እበት ጨምር። ሥሯ ደህና ከሆነ ጥላ ሥራ። የኔ በኅዳር ብርድ ይቀላል፣ ሲሞቅ ይመለሳል።

ጥ፦ ዩሪያ ልጨምርበት?

መ፦ ተው! ቅጠሉ ውስጥ የሚኖር ሳይኖባክቴሪያ የሚባል በዓይን የማይታይ ደቂቅ ሕያው ናይትሮጂኑን ከአየር ያመጣለታል። የቻይናና የቬትናም ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በሩዝ ማሳቸው ላይ ሲያበቅሉት የኖሩት ለዚሁ ነው። ዩሪያህ የሚቀልበው አልጌውን፣ ያንን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን፣ ነው።

ጥ፦ መኖ መግዛት ላቁም?

መ፦ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሲደርቅ ከ20 እስከ 30 በመቶው ፕሮቲን ነው መባሉ እውነት ነው፤ ጉዱ ያለው «ሲደርቅ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። እርጥቡ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ጥላ ላይ አድርቄ ብመዝነው 60 ግራም ገደማ ወጣኝ፣ እፍኝ የማይሞላ። ዶሮዋ ሆዷን በውሃ ሞልታ እንቁላሉን ከየት ታምጣው? አጥበሽ፣ የእበቱ ሽታ ሲለቅ ከመኖው ጋር ቀላቅለሽ ስጪ፤ በትንሽ በትንሹ አልምጃቸው።

ጥ፦ መቼ ነው የሚለቀመው?

መ፦ ውሃውን ሲሸፍን፣ በ10 ወይም በ15 ቀን። ከዚያ በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ያህል ውሰድ፤ ከተጨናነቀ ይበሰብሳል።

ጥ፦ ትንኝ አያፈራም?

መ፦ ጥቅጥቅ ብሎ ከሸፈነ ትንኟን ያስቸግራታል። ሳስቶ ውሃው ከታየ ግን መራቢያ ሠራህላት ማለት ነው።

ጥ፦ ባሕር ዳር ነኝ፤ የተረፈኝን ሐይቁ ዳር ብደፋውስ?

መ፦ በፍጹም! ከተመቸው በጥቂት ቀናት እጥፍ ይሆናል። ጣና ከእምቦጭ ያየው አይበቃውም? ትርፉን ኮምፖስት ውስጥ ቅበሪው፤ ገንዳሽንም ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ አድርጊው።