የማይሞላ የድሪል ባትሪ ጥገና መተዳደሪያ ይሆነኛል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብረ ማርቆስ የላክኸውን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ ሠልጥነህ ከጨረስህ በኋላ የከተማው አናጺዎችና የአሉሚኒየም ሠራተኞች አልሞላ ያላቸውን የድሪል ባትሪ እያመጡ እንደሚያስቸግሩህ ገልጸህ፣ ባጠራቀምኸው ገንዘብ የሴል (በባትሪው ውስጥ የሚደረደረው ትንሽ ባትሪ) መበየጃ ማሽን ገዝተህ ሱቅ ብትከፍት ይሻል እንደሆነ ወይስ ቅጥር መፈለግ እንደሚበጅ ጠይቀሃል። ሥራው ፈላጊ አለው። ነገር ግን ደንበኛ በዋናነት የሚከፍልህ ለመበየዱ ሳይሆን ለምርመራው ስለሆነ፣ ማሽኑን ለጊዜው አቆየው እላለሁ።

18 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው የሊቲየም ባትሪ እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት ገደማ የሆኑ 5 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። ሙሉ ሲሆን አንዱ ሴል 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ድምሩ 21 ይሆናል፤ በአንዳንዱ ባትሪ ላይ 21 ቮልት ተብሎ የሚጻፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባትሪው አልሞላም ሲል ጥፋቱ ከቻርጀሩ፣ ከቆሸሸ መገናኛ፣ ከሙቀት መለኪያው ወይም ከመቆጣጠሪያ ቦርዱ ሊሆን ስለሚችል፣ ሴሎቹን ከመንካትህ በፊት እነዚህን አጣራ። ከዚያ እያንዳንዱን ሴል ለየብቻው ለካ። አራቱ 3.7 ቮልት እያሳዩ አንዱ 1.5 ላይ ከተገኘ፣ ቻርጀሩ አልሞላም ያለው ተበላሽቶ ሳይሆን አደጋ እየከለከለ ነው።

አጥብቄ የምመክርህ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ የወረደን ባትሪ ከሌላ ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኝቶ መቀስቀስ በየሱቁ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ሆኖም ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል ውስጡ ያለው መዳብ ስለሚሟሟ፣ እንደገና ሲሞላ በውስጡ ሾርት ፈጥሮ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ያ ደግሞ የሚሆነው አንተ ፊት ሳይሆን ደንበኛው ቤት፣ ምናልባትም ሰው በተኛበት ሊሆን ይችላል። ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም እንዲህ የወረደ ሴል ይዞ የመጣን ሰው «ይህን ሴል አልቀሰቅስም» ብሎ መመለስ ገቢ የሚያሳጣ ቢመስልም፣ የሰው ቤትና ሕይወት ከዚያ ክፍያ ይበልጣል።

መተካት ካስፈለገም ከአሮጌዎቹ መካከል አንድ አዲስ ሴል ማስገባት ብዙ አያገለግልም፤ አምስቱንም አንድ ዓይነትና እኩል አቅም ባላቸው፣ ድሪል የሚስበውን ከፍተኛ ጅረት በሚችሉ ሴሎች መቀየር ይገባል። ከላፕቶፕ የወጣ ሴል አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይችልም። በተለይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበትን 18650 (18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው) ሴል አትግዛ፤ በዚህ መጠን የሚሠሩ ጥሩ ሴሎች አቅማቸው ከ3500 ብዙም አይበልጥምና ጽሑፉ ሐሰት ነው። ሴልን በካውያና በሊድ መበየድም በሙቀቱ ስለሚጎዳው ሴሎቹን የሚያገናኘው ስስ የኒኬል ቅጠል በመበየጃው ማሽን ነው የሚያያዘው፤ ማሽኑ የሚያስፈልግህም እዚህ ደረጃ ስትደርስ ነው። የአምስቱ ሴሎች ዋጋ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ደግሞ አዲስ እንዲገዛ ለደንበኛው በግልጽ ንገረው።

ስለ ሱቁ ስናነሳ፣ በባትሪ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ኪራይ መክፈል የምትችል አይመስለኝም። ስለዚህ በቅድሚያ ድሪልና ግራይንደር የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ተቀጥረህ የሞተርና የካርቦን (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) ሥራ ተማር፤ ባትሪውን በዚያው ቤት የአንተ ድርሻ አድርገው። የብቃት ምዘናህን ካልወሰድህም አታዘግየው፤ ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባሉ ፋብሪካዎች ወይም በባሕር ዳር የጥገና ቅጥር ስትጠይቅ ሳይፈለግብህ አይቀርም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እየበዛ ነው፤ የሴል አሠራርን በሚገባ ያወቀ ሰው ወደዚያ ሥራ ለመሻገር መሠረቱ አለው፤ ቮልቱ እጅግ ከፍተኛና ገዳይ ስለሆነ ግን ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል።

አሁን ካጠራቀምኸው ላይ ጥሩ መልቲሜትርና የሴል አቅም መለኪያ ብቻ ግዛ። ከሚያውቁህ አናጺዎች የተጣሉ ባትሪዎችን ለምነህ፣ ቀለበትና ሰዓትህን አውልቀህ፣ ብረት ባልሆነ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገብህ አድርገህ ፍታቸውና የእያንዳንዱን ሴል ንባብ በደብተር መዝግብ። ባለሙያው ዘንድ ቅጥር ልትጠይቅ ስትሄድ ያንን ደብተር ይዘህ ግባ።