የሳሎኑ ቀለም ለምን ቶሎ ተላጠ?

ጥያቄ፦ የሳሎናችንን ግድግዳ ጥሩ ነው በተባለ ውድ የውሃ ቀለም ካስቀባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከወለሉ በላይ አንድ ክንድ ያህል ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይላጣል፤ በማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ደግሞ እድፉን በጠረግን ቁጥር ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ይነሣል። ደግመን ስናስቀባ የትኛውን ቀለም ብንገዛ ይቆይልናል?

መልስ፦ ስለ ቀለሙ ዓይነት ከመነጋገራችን በፊት ከተላጠው ቦታ አንድ ቅርፊት አንሥተው ጀርባውን ይመልከቱ። እኔም እንዲህ ያለ ሥራ እንዳይ ስጠራ በመጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው። ጀርባው ጣት ላይ የሚቀር ነጭ ዱቄት ካለው፣ ቀለሙ የተቀባው በግድግዳው ላይ ሳይሆን ተፈግፍጎ ባልተጠረገ የስቱኮ (የግድግዳ ማለስለሻ ሊጥ) ብናኝ ላይ ነው። ጀርባው ንጹሕና ልሙጥ ሆኖ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ የድሮ ዘይት ቀለም ከታየ፣ አዲሱ ቀለም የሚይዘው ሻካራ ገጽ አላገኘም ማለት ነው። የልስን አሸዋ ይዞ ከተነሣ ግን የላላው ልስኑ ራሱ ነው፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እርጥበት ነው።

የእርስዎ ግድግዳ የሚላጠው ከታች ብቻ መሆኑ እርጥበትን በጣም ያስጠረጥረኛል። ለማረጋገጥ የላላውን ቀለም ካነሡ በኋላ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በግድግዳው ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በቴፕ ያሽጉትና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ጤዛው በፕላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከታየ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከታየ ደግሞ የክፍሉ አየር ታፍኗል ማለት ስለሆነ መፍትሔው መስኮት መክፈትና እንፋሎቱን ማስወጣት ይሆናል። ውሃው ከውስጥ ከሆነ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዳለ፣ በውጭ በኩል አፈር ከወለሉ ከፍታ በላይ ተከምሮ እንደሆነ፣ የጣሪያ ውሃም ግድግዳው ሥር እየፈሰሰ እንደሆነ ይፈትሹ። ውሃው በልስኑ ውስጥ አልፎ ሲተን የተሸከመውን ጨው ገጹ ላይ ይተዋል፤ ጨውም ሲጠጥር ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ያሳብጠዋል። ይህን ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት እንጂ በውሃ አይጠቡት፤ ውሃ ያሟሟውና መልሶ ወደ ልስኑ ያስገባዋል። እርጥበቱን በዘይት ቀለም አፍነዋለሁ የሚል ቀቢ ከመጣልዎ ሥራውን ባይሰጡት እመርጣለሁ፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወይ ቀለሙን ይገፋል፣ ወይ ከፍ ብሎ ሌላ ቦታ ይወጣል። ልስኑ በሲሚንቶ የሚታደስ ከሆነም ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይደርቅ አይቀባ።

ግድግዳው ከደረቀ በኋላ የላላውን ሁሉ በስፓቱላ አንሥቶ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያስፈልጋል። ቤቱ በጣም የቆየ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ባለችው አጭር እርምጃ ነው፤ ብናኙን በመጥረጊያ ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ማለፍ አይበቃም፤ በተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ መጥረግና ከደረቀ በኋላ ጥቁር ጨርቅ አሳልፎ ነጭ አለመያዙን ማየት ይገባል። ከዚያም ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ፣ ይቀባል፤ ስቱኮ ያለ ፕራይመር የቀለሙን ማያያዣ (ዱቄቱን የሚያጣብቀውን ፈሳሽ) መጥጦ ዱቄቱን ብቻ ላዩ ላይ ያስቀረዋል።

በማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ያለው ችግር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቀለሙ በጨርቅ የሚነሣው ወይ ማያያዣው ጥቂት የሆነ የማያብለጨልጭ ቀለም ስለሆነ፣ ወይ ውሃ ስለበዛበት ነው ብዬ እገምታለሁ። ሁለተኛውን በስሌት ማየት ይቻላል፦ አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ለአንድ ዙር ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ግድግዳ ሁለት ዙር ሲቀባ ከ7 እስከ 8 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ያን ጊዜ ቀቢው በ4 ሊትር ጨርሶልዎ ከሆነ የጎደለውን የሞላው ውሃ ነው። አሁን እጅ ለሚበዛበት ቦታ በመጠኑ የሚያብለጨልጭ፣ የሚታጠብ ዓይነት ይምረጡ፤ የግድግዳውን እብጠትና ጭረት ግን ከማያብለጨልጨው ይልቅ አጉልቶ እንደሚያሳይ ይወቁ። ውሃው በቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው መጠን እንዳያልፍም ቀለሙ ሲቀላቀል በቦታው ተገኝተው ይመልከቱ።

የተቀባው ግድግዳ በሰዓታት ውስጥ የደረቀ ቢመስልም በደንብ የሚጠነክረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ አይጠቡት፣ ሶፋም አያስጠጉበት። ከዚያ በኋላ እድፍ ሲኖር ለስላሳ ስፖንጅ በቀላል ሳሙና ነክረው፣ በደንብ ጨምቀው፣ ከታች ወደ ላይ ይጥረጉ፤ ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ በደረቁ ግድግዳ ላይ መስመር ይተዋል። ከተረፈው ቀለም ጥቂት በትንሽ ዕቃ አሽገው የክፍሉን ስምና ቀኑን ይጻፉበት፤ ወደፊት ጭረት ሲኖር ነጥብ ነጥብ ከማድረግ ይልቅ ያን ግድግዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቢቀቡት የአዲሱና የአሮጌው ልዩነት አይታይም።