ቴሌግራም ለተሙማ ይያዛል ወይ? ለመምህርቷ ጥያቄ

ሰላም መምህርት። ጥያቄዎ፣ ጅማ ከተማ 7ኛ ክፍል ሒሳብ እንደሚያስተምሩ፣ በብዙ የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንዳሉና ስልክዎ በፒዲኤፍ ቢሞላም ማስተማርዎ ላይ የጨመረልዎ ነገር እንደሌለ ነው። ለዓመቱ 60 የተሙማ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ሰዓት ይህ ይያዝልኛል ወይ ብለዋል።

ፋይል ማውረድ ብቻውን አይያዝም፤ መያዝም የለበትም። ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የክፍልን ችግር ለይቶ፣ አቅዶ፣ ሞክሮ መገምገም ነው። ቴሌግራም የሚጠቅመው የራስዎን ጥያቄ ይዘው ሲገቡ ነው።

ከትልልቆቹ ግሩፖች አንድ ሁለቱን ያስቀሩና የሌሎቹን ድምፅ ይዝጉ። ሴቲንግ ገብተው በሞባይል ዳታ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ያድርጉ፤ ጥቅል የሚጨርሰውም ስልክ የሚሞላውም እሱ ነው። ከዚያ በጉድኝት ማዕከልዎ (አብረው በሚሠሩ የአቅራቢያ ትምህርት ቤቶች) ካሉ የሒሳብ መምህራን ከስድስት እስከ ስምንት ሆናችሁ ትንሽ ግሩፕ ክፈቱ። ሰው ሲበዛ የተማሪውን ስህተት ደፍሮ የሚያሳይ ይጠፋል፣ ግሩፑም በበዓል ምኞትና በማስታወቂያ ይሞላል። በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩትንም ጨምሩ፤ የስሌት ስህተት በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

ዋናው ነገር አጠያየቁ ነው። «ክፍልፋይ እንዴት ላስተምር?» ካሉ የሚመጣልዎ ሌላ ፒዲኤፍ ነው። ይልቅ 1/2 + 1/3 = 2/5 የተባለበትን ደብተር ስሙን ሸፍነው ፎቶ ያንሱት። ከሥሩ ከስንት ተማሪ ስንቱ እንዲህ እንደሠራና እስካሁን ምን እንደሞከሩ ይጻፉ። ያኔ የሚመጣው መልስ ሌላ ነው፦ የጋራ ታሕትን ደንብ ከመድገም በፊት «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቋቸው ይባላሉ። 0.4 ከ0.5 ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምረን ከግማሽ ያነሰ እንዴት አገኘን? ላላመነ ተማሪ እኩል ሁለት ወረቀቶች፣ አንዱ ለሁለት አንዱ ለሦስት ይታጠፉ፤ እንደገና ታጥፈው ሁለቱም ስድስት እኩል ክፍል ሲሆኑ 3/6 እና 2/6 በዓይኑ ይታየዋል፣ 5/6ን ራሱ ይቆጥራል።

ሞክረው ሲጨርሱ ውጤቱን ግሩፑ ላይ መመለስዎን አይርሱ። ብዙ ግሩፕ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክር የሰጠ ሰው መጨረሻውን ካልሰማ ሁለተኛ አይመልስም።

ለፖርትፎሊዮ (ለተሙማ ማስረጃ ማኅደርዎ) አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀን፣ ችግሩ፣ የተሰጠው ሐሳብ፣ የሞከሩበት ክፍል፣ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ያንኑ ዓይነት አጭር ጥያቄ ስንት ተማሪ እንደመለሰ። ስክሪንሾት ደጋፊ ብቻ ነው። ሥራው በዓመታዊ ዕቅድዎ ላይ አስቀድሞ ይስፈር፤ ስንት ሰዓት እንደሚያዝም ከርዕሰ መምህሩና ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ዓመቱ ሲጀምር ይነጋገሩ። ሰኔ ላይ ላስቆጥር ማለት ያስቸግራል።

የተማሪ ፊት፣ ስምና ውጤት ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ ገና ያልተሰጠ ፈተናም እንዲሁ። ከግሩፕ የወረደ ወርክሺት ደግሞ መልሱ ተያይዞ ቢመጣም ክፍል ከመግባቱ በፊት በእጅዎ ይሥሩት፤ የተሳሳተ መልስ ከግሩፕ ግሩፕ ሲዘዋወር ይከርማል። የጠቀመዎትን ብቻ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ #ክፍልፋይ ብለው ያስቀምጡት፣ በሚቀጥለው ዓመት ፈልገው አያጡትም።